አዲሱ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በዳገት፣ በቁልቁለትና በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም፣ በዚህ ዓምድ መጨረሻ ላይ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዝቼ በአዲስ አበባ መንገዶች መንዳት መጀመሬን በሁለት መስመር ጠቅሼ ነበር። ያቺ አጭር ማስታወሻ ካሰብኩት በላይ ደብዳቤ አስመጥታለች። ከጸሐፊዎቹ ገሚሶቹ ብስክሌቱን ገዝተው ግራ የተጋቡ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ለመግዛት አስበው የሚያመነቱ ናቸው። ለማነጻጸር እንዲመች የእኔን ብስክሌት ላስተዋውቃችሁ፤ የኋላው ቸርኬ መሐል ላይ የተገጠመ 250 ዋት ሞተር፣ 36 ቮልትና 10 አምፒር ሰዓት የሆነ ተነቃይ ባትሪ፣ በሽቦ የሚሳብ የዲስክ ፍሬን ያለው ሲሆን፣ ባትሪውን ጨምሮ 24 ኪሎ ይመዝናል። እስካሁን የነዳሁት ለሦስት ሳምንታት ነው፤ የምመልሰውም ከዚህ አጭር ልምድና ስለ አሠራሩ ከማውቀው ተነሥቼ ነው።

ጥያቄ፦ መኖሪያዬ ሽሮ ሜዳ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዛሁ። ሻጩ አንድ ጊዜ ከሞላ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ቀን ደርሼ ስመለስ፣ ማለትም 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ባትሪው ያልቅብኛል። ዳገት ስወጣ የባትሪው ምልክት ወደ አንድ መስመር ይወርድና ሜዳ ስደርስ መልሶ ሦስት ይሆናል። ፔዳሉን ስረግጥም ለአፍታ ዝም ይልና ድንገት ወደ ፊት ይወነጨፋል። ተታልዬ ይሆን? (መምህር፣ ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ መምህር፣ አልተታለሉም፤ ነገር ግን ሁሉም አልተነገረዎትም። በአምራቾች ወረቀት ላይ የሚጻፈው ርቀት ክብደቱ ቀላል የሆነ ሰው፣ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ በሜዳ ላይ፣ የሞተሩን እገዛ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ አድርጎ ሲነዳ የሚገኝ ነው። የእርስዎ መንገድ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ሽሮ ሜዳ ከሜክሲኮ ቢያንስ 200 ሜትር ከፍ ይላል፤ ጠዋት ቁልቁል የወረዱትን ማታ መልሰው ይወጡታል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 100 ኪሎ የሚመዝን ነገር 100 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት 27 ዋት ሰዓት ጉልበት ያስፈልጋል (አንድ ዋት ሰዓት ማለት አንድ ዋት ኃይል ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚወጣው ጉልበት ነው)፤ ይህንን ማንም አምራች ሊቀንሰው አይችልም። ሞተሩና ወደ እርሱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው መቆጣጠሪያ በሙቀት መልክ የሚያባክኑት ሲታከልበት ከባትሪው የሚወጣው ወደ 38 ይጠጋል። እርስዎ 75 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 24፣ የተማሪ ደብተር የያዘው ቦርሳዎ 6 ኪሎ ቢሆን በድምሩ 105 ኪሎ ነው። በሁለቱ ቀናት 400 ሜትር ከፍታ ስለሚወጡ ለዳገቱ ብቻ 160 ዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ወደ ላይ በሚነዱት 14 ኪሎ ሜትር ላይ ለጎማው ሰበቃና ለነፋሱ በየኪሎ ሜትሩ 10 ዋት ሰዓት ብናስብ ሌላ 140 ይጨመራል፤ ድምሩ 300 ይሆናል። ባትሪዎ እንደ እኔው ከሆነ 36 ቮልት በ10 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ እንዲራቆት ደግሞ በውስጡ ያለው መከላከያ አይፈቅድም። እንግዲህ 28 ኪሎ ሜትር ላይ ማለቁ ከሒሳቡ ጋር ይስማማል። ቤታቸው ከላይ፣ ሥራቸው ከታች የሆነ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ማሰብ አለባቸው፤ ጠዋት ቁልቁል ሲወርዱ ባትሪው የማያልቅ ይመስላል፣ ከባዱ ሥራ ግን ሰውም ባትሪም በደከሙበት በማታው ጉዞ ላይ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ከመሙላት ይልቅ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢሞሉት ይሻላል፤ ባትሪውም ቢሆን እስኪያልቅ ከመነዳት ይልቅ ይህን ይወድዳል።

ምልክቱ መውረዱና መውጣቱ ብልሽት አይደለም። እነዚያ መስመሮች የሚያዩት የባትሪውን ቮልቴጅ ነው። ሙሉ የሆነ የ36 ቮልት ባትሪ 42 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ወደ 30 ሲጠጋ መቆጣጠሪያው ይዘጋዋል። ዳገት ላይ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲስብ ቮልቴጁ ለጊዜው ይረግባል፣ ጭነቱ ሲቀልለት ደግሞ ያገግማል። እውነተኛውን ለማወቅ ሜዳ ላይ ቆመው አንድ ሁለት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ ይመልከቱት። ባትሪው በእርግጥ ዝቅ ባለበት ሰዓት ግን ይኸው መርገብ ዳገቱ መሐል ላይ ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል፤ ስድስት ኪሎ ሲደርሱ አንድ መስመር ብቻ ከቀረ የእገዛውን ደረጃ ዝቅ ያድርጉና በእግርዎ ያግዙት።

ድንገት መወንጨፉን በተመለከተ፣ እኔም ብስክሌቱን ከሱቅ ባወጣሁበት ቀን ቀድሞ የተሰማኝ ይኸው ነበር፤ የመጀመሪያው ስሜት ደግሞ ደስታ እንደነበር አልሸሽግም። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ በእጁ የገፋኝ ያህል ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መሻገሪያ ላይ ለእግረኞች ቆሜ ሳለ ሳላስበው ፔዳሉን ግማሽ ዙር አዞርኩት፤ ብስክሌቱም ዘንቢል ይዘው ወደሚሻገሩ አንዲት እናት ተንደረደረ። ፍሬኑን በመያዜ አልነካኋቸውም፤ ይሁን እንጂ ድንጋጤያቸውን እስካሁን አልረሳሁትም። በእርስዎም በእኔም ብስክሌት ላይ ያለው መሣሪያ የሚያውቀው ፔዳሉ መዞር አለመዞሩን ብቻ ነው። ፔዳሉ ዘንግ ላይ ባለችው ትንሽ ክብ የተደረደሩ ማግኔቶች ጥቂቶቹ እስኪያልፉ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ በምን ያህል ኃይል እንደተረገጠ ሳይጠይቅ የመረጡትን የኃይል ደረጃ በሙሉ ይለቃል። መርገጥ ሲያቆሙም ለቅጽበት መግፋቱን ይቀጥላል። ዋጋቸው ከፍ ያሉት ብስክሌቶች የእግርን ግፊት የሚለካ መሣሪያ ስላላቸው በቀስታ ሲረገጡ በቀስታ፣ በኃይል ሲረገጡ በኃይል ይሄዳሉ፤ ገና ያልገዙ አንባቢዎች አቅማቸው ከፈቀደ ለትልቅ ባትሪ ከሚጨምሩት ገንዘብ ይልቅ ለዚህ ቢጨምሩ እመርጣለሁ።

ከገዙ በኋላ የሚረዳው ልማድ ነው። ከመቆምዎ በፊት እገዛውን ወደ 1 ያውርዱት፤ ማርሹንም ወደ ቀላሉ ይመልሱት። ቆመው ሳለ የፍሬኑን መያዣ ጨብጠው ይቆዩ፤ በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ላይ የፍሬኑ መያዣ ሲጨበጥ ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። የእርስዎ እንዲህ መሥራት አለመሥራቱን ዛሬውኑ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው ይሞክሩት። ካልሠራ ሳይጠገን አይንዱት።

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ሲኤምሲ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን የምሠራው ካዛንቺስ ነው። ታክሲ መሰለፍ ሰልችቶኛል። በልጅነቴ ብስክሌት ነድቻለሁ፤ አሁን ግን ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ቢሮም በላብ ርሼ መድረስ አልፈልግም። በእርግጥ ሳልደክም ያደርሰኛል? ቀሚስስ ለብሼ መንዳት እችላለሁ? (እህታችሁ፣ ከሲኤምሲ)

መልስ፦ እህቴ፣ የትንፋሹን ነገር በማንሣትዎ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ይህ ብስክሌት ከሌላ ከተማ ይልቅ አዲስ አበባ ላይ የሚያስፈልገው በዚህ የተነሣ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ስለሆነ ሳንባችን በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። የቤንዚን ሞተር እንኳ አየር ስለሚፈልግ እዚህ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሰጠውን ኃይል እንጦጦ ላይም ይሰጣል።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። እርስዎና ብስክሌቱ ተደምራችሁ 95 ኪሎ ብትሆኑና በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትወጡ ከ220 ዋት በላይ ኃይል ይጠይቃል። ስፖርተኛ ያልሆነ ጤነኛ ሰው ሳይቸገር ለረጅም ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው 75 ዋት ገደማ ነው። የቀረውን ሞተሩ ከሸፈነው እርስዎ ሜዳ ላይ በዝግታ እንደሚነዳ ሰው ይተነፍሳሉ። እኔ በሦስቱ ሳምንታት የታዘብኩትም ይህንኑ ነው፤ ዳገቱ አልጠፋም፣ በእግር ይታወቃል፣ ነገር ግን ደርሶ ለመናገር የማያስችል አልሆነም። ጠዋት በሥራ ልብስ ሄጄ ሳልቀይር ውያለሁ። ማታ ስመለስ ሆን ብዬ እገዛውን ዝቅ አድርጌ ላብ ያወጣሁባቸው ቀናትም አሉ፤ ምርጫው በእጅ መሆኑን እጅግ ወድጄዋለሁ። ሐኪም የሚከታተለው የልብ ወይም የመተንፈሻ ሕመም ካለብዎት ግን ከመግዛትዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ቀሚስ ለብሰው መንዳት ይችላሉ። መሐሉ ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ እግር ሳያነሡ የሚወጣበት ብስክሌት ይምረጡ፤ ካቴናውን የሚሸፍን መከለያና በኋላው ጎማ ላይ የልብስ መጠበቂያ መረብ ያስጨምሩበት። ነጠላ ከለበሱ ግን ጫፉን አስረው ወደ ፊት ይያዙት፤ የሚሽከረከር ቸርኬ ነጠላን በቅጽበት ይጠቀልላል።

እኔን የሚያሳስበኝ አራተኛው ፎቅ ነው። ብዙ ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ስለ ፍጥነቱ ሲጠይቅ ይህን ይረሳዋል። ተራ ብስክሌት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሲመዝን እነዚህ ከ20 ኪሎ በላይ ናቸው፤ እኔ ራሴ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በመጀመሪያው ማታ ተሸክሜ ስወጣ ከመንገዱ ዳገት ይልቅ ደረጃው ነው ያደከመኝ። አሁን ብስክሌቱን ምድር ላይ ከብረት ምሰሶ ጋር በወፍራም ቁልፍ እያሰርኩ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝነውን ባትሪ ብቻ ይዤ እወጣለሁ። ስለዚህ ባትሪው የማይነቀል ብስክሌት፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለእርስዎ አይሆንም። ከመግዛትዎ በፊትም ከግቢው ጥበቃና ከኮሚቴው ጋር ማቆሚያ ቦታ ይነጋገሩ።

የመንገዱን ነገር ባጭሩ፤ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ላይ መንዳት ከመኪና መሐል ከመንዳት ጋር አይነጻጸርም። መስመሩ አልቆ ወደ አስፋልቱ መግባት ሲኖርብዎት ግን ፍጥነት ቀንሰው፣ ወደ ኋላ ተመልክተው ይግቡ። ብዙ ሹፌር ብስክሌት የሚያህል ነገር በዳገት ላይ በዚያ ፍጥነት ይመጣል ብሎ አይጠብቅም። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ የጎማውን ነፋስ ጥቂት አስቀንሰው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ብስክሌትም ከጥንት የለመድነው ነው። ለእኛ የኤሌክትሪኩ ምን ይጨምርልናል?

መልስ፦ እንደ እውነቱ ከሆነ ለወጣትና ለጤነኛ ሰው ብዙ አይጨምርም። ጎማው በሚገባ የተነፋና ካቴናው የተቀባ ተራ ብስክሌት ባሕር ዳር ላይ ይበቃል፤ ቢበላሽም የሰፈሩ ጠጋኝ ያበጀዋል። የኤሌክትሪኩ የሚጠቅመው ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው፣ በቀን በዛ ያለ ዕቃ ለሚያደርሱ ሰዎች ነው። ሜዳ ላይ አንድ ጥቅም አለው፤ የእኔ ዓይነቱ ባትሪ እናንተ ጋር ወረቀቱ ላይ ወደተጻፈው ርቀት ሊቀርብ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለፈው እሑድ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ፍሬኑ ሸተተኝ፤ መያዣውም እስከ መሪው ድረስ ተጠጋ። ብስክሌቱ አዲስ ነው። ደግሞስ ቁልቁለቱ ባትሪውን መሙላት አልነበረበትም?

መልስ፦ እኔም ያንኑ መንገድ በሁለተኛው ሳምንት ወርጄ ያንኑ ሽታ አሽትቻለሁ፤ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ አስቸኳዩ የእርስዎ ስለሆነ በጥሞና ያንብቡልኝ። እርስዎና ብስክሌቱ ወደ ላይ ስትወጡ ባትሪው ያወጣው ጉልበት ስትወርዱ የሚጠፋበት ቦታ ይፈልጋል፤ በዝግታ ሲወረድ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሁለት ቀጫጭን ዲስኮች ላይ ሙቀት ይሆናል። ብስክሌቱ ከባድ በመሆኑ ሙቀቱ ከለመዱት ይበልጣል። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ሳይለቁ በትንሹ ይዞ መውረድ የሚመስለውን ያህል ጥንቃቄ አይደለም፤ ዲስኩ የሚበርድበት ጊዜ ያጣል። ከኩርባው በፊት ሁለቱንም ጠበቅ አድርገው ፍጥነቱን ይስበሩ፣ ከዚያ ይልቀቁ፤ እንደገና ሲያስፈልግ እንደዚያው ያድርጉ። መሐል ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ቆመው ያሳርፉት፤ ዲስኩን ግን በጣት አይንኩት።

አዲስ ፍሬን ደግሞ ከዲስኩ ጋር ገና አልተላመደም። ሜዳ ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ፈጥነው በእርጋታ ወደ እግረኛ ፍጥነት እስኪወርድ ማርገብን 20 ጊዜ ያህል መደጋገም ያላምደዋል። ይህን የነገረኝ ሻጩ አልነበረም፤ ከገዛሁበት ሱቅ የወጣሁት የፊቱ ፍሬን ሽቦ ላልቶ ሳለ ነው፣ እኔም ሳልፈትሽ ነው የተቀበልኩት። በኋላ ያጠበቀልኝ አንድ የብስክሌት ጠጋኝ ነበር፤ ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። አዲስ ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚሳብ የእርስዎ መያዣ እስከ መሪው የተጠጋው በዚህ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ዲስኩን የሚይዘው ንጣፍ ሲያልቅም መያዣው እንዲሁ ስለሚጠጋ አሁኑኑ ያስፈትሹት። ሳያስፈትሹ ዳግመኛ ወደ እንጦጦ እንዳይወጡ አደራ እላለሁ።

ባትሪው ለምን አልሞላም ለሚለው፣ የእርስዎ ዓይነት ሞተር ውስጡ ጥርሳም ማርሾች አሉት፤ ቸርኬው ከሞተሩ ሲፈጥን በነጻነት እንዲሽከረከር ተደርጎ የተሠራ ነው። ለዚህ ነው ኤሌክትሪክ ሲያልቅ ያለ ብዙ ተቃውሞ በእግር የሚነዳው፤ ለዚሁም ነው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ዞሮ ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ የማይችለው። የሚያመነጩ ዓይነቶች አሉ፤ እነርሱ ከበድ ይላሉ፣ የሚመልሱትም ጥቂቱን ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለታናሽ ወንድሜ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዝቼ በጉዞ ሻንጣ አዲስ አበባ ላመጣለት አስቤያለሁ። ይቻላል?

መልስ፦ ብስክሌቱን ያለ ባትሪው፣ በአየር መንገዱ የጭነት ደንብ መሠረት ሊያመጡት ይችሉ ይሆናል፤ ባትሪውን ግን አይችሉም። በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 በላይ የሆነው በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም። የእኔ ትንሽ የሚባለው ባትሪ 360 ነው። እንዲህ ያለው የሚጓዘው አደገኛ ዕቃ ተብሎ ተመዝግቦ፣ ታሽጎ፣ በካርጎ ብቻ ነው። «ባትሪውን እዚያው ይገዛል» ብለው እንዳያስቡም እመክራለሁ፤ መሰኪያው፣ የሚቀመጥበት ቅርጽና ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ይለያያል፤ ያለ ባትሪው የመጣ ብስክሌት ሃያ ኪሎ የሚመዝን ተራ ብስክሌት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለወንድምዎ ገንዘቡን ልከውለት እዚሁ፣ መለዋወጫ ካለው ሻጭ፣ ነድቶ ሞክሮ ቢገዛ ይሻለዋል። የራስ ቁር፣ መብራትና ጥሩ ቁልፍ ግን በሻንጣዎ ቢያመጡለት ትልቅ ስጦታ ነው።

ጥያቄ፦ ባትሪውን ሌሊት ስንተኛ ሰክተን እናድራለን። መብራት መሐል ላይ ይጠፋና ይመጣል። ይህ ጉዳት አለው? መብራትስ ምን ያህል ይቆጥራል? (ባልና ሚስት፣ ከጀሞ)

መልስ፦ ከፍጆታው ብጀምር፣ እንደ እኔው ያለውን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት የሚቆጥረው ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ይህን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። መብራት መጥፋቱ ራሱ ባትሪውን አይጎዳም፤ ተመልሶ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። ሲመጣ አንዳንዴ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ግን ለፍሪጅ የምትጠቀሙበት ዓይነት መከላከያ ለቻርጀሩም ያስፈልገዋል።

ተኝታችሁ መሙላቱን ግን እባካችሁ ተዉት። 2 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ለ10 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ማታ ከሥራ እንደገባችሁ ብትሰኩት ከመኝታ በፊት በአብዛኛው ይደርሳል። የሊቲየም ባትሪ እሳት እምብዛም የማይደርስ ነገር ቢሆንም ሲደርስ ለማምለጫ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ኒው ዮርክ ከተማ በእነዚህ ብስክሌቶች ባትሪ የተነሣ ብዙ ቃጠሎና የሰው ሞት ስላየች ከሴፕቴምበር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኤል 2849 የተባለውን የደኅንነት መመዘኛ ያላሟላ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንዳይሸጥና እንዳይከራይ በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ አብሮት የመጣውን ቻርጀር ብቻ ተጠቀሙ፤ የሚሞላበት ቦታ ከፍራሽና ከመጋረጃ የራቀ፣ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ ይሁን፤ በምንም ምክንያት በመውጫ በሩና በእናንተ መሐል አይሁን። ክረምት ዝናብ ከመታው ደረቅ ጨርቅ አብሳችሁ፣ መሰኪያው እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ሰኩት። ወድቆ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም ሲነኩት ያለ ምክንያት የሚሞቅ ባትሪ ካያችሁ አትሰኩት፤ ዛሬውኑ ከቤት አውጥታችሁ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጥ፣ ሻጩም መጥቶ እንዲያየው ጥሩ።